የመርሳ ተመልካች ዝም ያለ ዕለት

ባለፈው ሰሞን ወልድያ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ልጇ ሀያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አስጠግታ «ጋሼ፣ ይችን እዩልኝማ» አለችኝ። አየሁላት። ሩቅ አገር ያለ ትልቅ ሲኒማ ቤት ነው። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሸራው ላይ የሚሄደው ካርቱን ነው፤ ከሰው በላይ ጉልበት ስለተሰጠው አንድ ጀግና የተሠራ፣ ክፍል ሁለት። ስልኩ የሚያሳየው ግን ፊልሙን አይደለም፤ ፊልሙን የሚያዩትን ሰዎች ነው። ጀግናው ብቅ ሲል ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ይጮሃሉ፣ የማያውቁትን ሰው ያቅፋሉ፣ ፈንድሻቸውን ወደ ጣሪያው ይበትናሉ። ሀያት ፊልሙን ወዳው እንደሆነ ጠየቅኋት። «ፊልሙንማ ገና አላየሁትም፤ የሰዉን ሁኔታ ነው የማየው» አለችኝ። ይህንንም የምታየው ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣ ለብቻዋ ነው። ሌላው ሲጮህላት እሷ ዝም ትላለች። መጮህን እንኳ ለሌላ ሰው የሰጠንበት ዘመን ላይ ደርሰናል ማለት ነው።

«እንዲህ ያለ ተመልካች አይተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«የሚበልጥ አይቻለሁ።»

«የት?»

«መርሳ።»

ሳቀች። አልፈርድባትም። ለሷ መርሳ ማለት ወደ ደሴ ሲኬድ ሚኒባሱ ቆም ሲል በመስኮት ፍራፍሬ የሚገዛበት ቦታ ነው። ያን ቀን የጀመርኩትን ነገር አልጨረስኩላትም፤ እናቷ ለምሳ ጠራችን። እነሆ እዚህ ልጨርሰው።

ስለ ድሮ የሚጽፍ ሰው እንዲናፍቅ ይጠበቅበታል። እኔ የእንድሪስን ቪዲዮ ቤት አልናፍቅም። የሚናፈቅ ቦታ አልነበረም። ከመኪናው መንገድ ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የጭቃ ቤት ነበር፤ መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በጆንያ ተደፍነዋል፤ አየርም አያስገቡም። የመርሳ ሙቀት ከላይ በቆርቆሮው፣ ከታች በሰው ትንፋሽ ይመጣል። መቀመጫው የባሕር ዛፍ ግንድ ሲሆን፣ ተልጦ ስላላለቀ ብዙ ሱሪ ቀዷል። ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉ እንድሪስ አንገት ላይ ነው። ከጓሮ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ቤንዚን፣ ላብ፣ በእግር የተረገጠ የብርቱካን ልጣጭ፤ ሽታው ይህ ነበር። ዛሬም ነዳጅ ማደያ አጠገብ ብርቱካን የሚልጥ ሰው ካጋጠመኝ ደረቴን የሆነ ነገር ይጫነኛል፤ ሐኪም አሳይቻለሁ፣ ምንም የለህም ብሎኛል።

መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር፤ በገበያ ቀን አንድ ብር። ለምን ሲባል እንድሪስ «ዛሬ ቴሌቪዥኑም ገበያ ወጥቷል» ይል ነበር። የሚገባው ጎረምሳ ሽርጡን አጥብቆ፣ ኮንጎ ጫማውን በውሃ አጥቦ፣ ከላይ ከሰልባጅ የተገዛ ጃኬት ደርቦ ይመጣል። ጃኬቱ ላይ ማንም የማያውቀው የውጭ አገር ትምህርት ቤት ስም ተጽፏል፤ ብዙዎቻችን ከዚያ በላይ ዩኒቨርሲቲ አልደረሰንም። ፊልሙ እስኪጀምር ሁለት ሞንታርቦ ድምፅ ማጉያዎች ትዝታና አምባሰል ያንቆረቁራሉ፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከጣሪያው ላይ ወደ ገበያው ዞሮ። የጣሪያው ሞንታርቦ ሥራው ገንዘብ የሌለውን ማስጎምጀት ነበር። ፊልሙ ሲጀምርም አይዘጋም፤ ስለዚህ መርሳ ውስጥ ሽንኩርት የሚሸጠውም፣ ፍየል የሚጎትተውም ፊልሙን ሳያይ ይሰማው ነበር። እኔ ያኔ ሲሪንቃ የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ በቀን ሥራ ወፍ አባርር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ለዚሁ ነው። ከሥራ ስወጣ የጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መርሳ እወርዳለሁ።

የቪዲዮ ቤቱ ሰው እንድሪስ አልነበረም፤ ተርጓሚው ከማል ነበር። ከማል ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የተተኮሰ አረንጓዴ ሸሚዝ የሚለብስ ልጅ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጎን ዱካ ላይ ይቀመጥና፣ እንዳይነዝረው በመሐረብ የጠቀለለውን ማይክ ይዞ ፊልሙን ወደ አማርኛ ይመልሳል። መለሰ ካልን ነው እንጂ፣ ከማል ሕንድኛንም ቻይንኛንም እንግሊዝኛንም በእኩል ደረጃ አያውቅም ነበር። ታሪኩን የሚያወጣው ከፊታቸው ነው። የኒውዮርክ ፖሊስ በሱ አፍ «ወላሂ አልለቅህም» ይላል፤ የቻይናው ሽማግሌ ልጁን «አብሽር» እያለ ያጽናናል። ኋላ ላይ ብዙ የተጻፈ ነገር አንብቤ፣ ስለ ትርጉም ጥበብ የተባለውንም አይቼ፣ ከከማል የተሻለ አላገኘሁም የምል እንዳይመስላችሁ፤ የተሻለ ሞልቷል። ሃምሳ ሳንቲም ግን አያስከፍልም።

የከማል እናት እትዬ መዲና ከበሩ አጠገብ ሳጥን ገልብጠው ግራና ከምትባለው የገጠር ቀበሌ የሚመጣ ብርቱካን ይሸጡ ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ ሴት አይገባም፣ ደግሞም ቦታ የለም። እሳቸው ግን ከማንም በላይ ፊልም ያውቃሉ፤ ልጃቸው ከጣሪያው ሲናገር ይሰማሉና። ብርቱካን ሲገዛ የሚከራከራቸውን ሰው «ቆይ፣ ሰውዬው ሊገደል ነው፣ ልስማበት» ብለው ዝም ያሰኙታል። ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። በመርሳ ብርቱካን ሳይከራከሩ መግዛት ነውር ነበር፤ ሻጯን መናቅ ነው የሚመስለው።

አንድ ቀን እንድሪስ ከደሴ አንድ የካርቱን ካሴት ይዞ መጣ። ሰው ተቆጣ። «እኛ ሕፃን ነን እንዴ?» ያለ አለ። ከማል ግን ማይኩን ይዞ ቁጣውን በአንድ ከሰዓት አበረደው። ጀግናው ጆሮ የተሰጠው ሰው ነው፤ በዓለም ዳርቻ የተቸገረ ሰው ቢጠራው ይሰማል፣ ሰምቶም ይደርሳል። ከማል በመጀመሪያ «ሰሚው» ብሎ ስም አወጣለት። ይህ በጣሪያው ሞንታርቦ አልፎ መስጊድ ደረሰ። ሐጂ ይማም፣ የሠፈሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ።

«ከማል፣ ሰሚው አላህ ብቻ ነው።»

«አፉ በሉኝ ሐጂ፤ እንግዲያው ማን ልበለው?»

ሐጂ ይማም አሰቡበት። እስከዚያ ድረስ ፊልሙ ቆሞ ጠበቃቸው። «ምን ይሠራል?» አሉ።

«የጠሩት ዘንድ ይደርሳል።»

«ደራሽ በለው» ብለው ወጡ። ጀግናው በሃይማኖት አባት የተሰየመለት የመጀመሪያው ካርቱን ሳይሆን አይቀርም። ጠላቱን ደግሞ፣ ባለ ብረት ጥርሱን ሰውዬ፣ ከማል «ደላላው» አለው፤ ሰዎችን እየሰበሰበ የሚሸጥ ነው ብሎ ተረጎመልን። ፊልሙ ውስጥ በእርግጥ ምን ይሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከዚያ ነው ልማዱ የመጣው። ደራሽ ሲደክም፣ ሲወድቅ፣ ከማል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጀመዓ፣ ጥሩት እንጂ! ይሰማችኋል!» ይላል። ቤቱ ሙሉ «ደራሽ! ደራሽ!» እያለ ግንዱን በእግሩ ይደበድባል። ደራሽም ይነሳል። ፊልሙ ስለሚያስነሳው ነው የሚነሳው፤ እኛ ግን የጠራነው ይመስለን ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩትም ጭምር። ከግራና ለገበያ የወረዱ አንድ ገበሬ ሽማግሌ «ከኋላህ ነው! ከኋላህ!» እያሉ ሲጮሁ፣ ጎናቸው ያለው ልጅ «አባባ፣ እሱ እኮ አይሰማዎትም» ቢላቸው፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ጆሮ ለምኑ ነው?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ መዲና ከውጭ «ምን አሉ? ምን አሉ?» ይላሉ።

ክፍል አንድ ያለቀው ደላላው የደራሽን እግር በሰንሰለት አስሮ ባሕር ውስጥ ሲጥለው ነው። ውሃው ገጠመ፣ ጽሑፍ መጣ፣ አለቀ። በዚያ ቀን የነበረውን ጫጫታ ሀያት ብትሰማው ስልኳን ትጥለው ነበር። አንዱ ቴሌቪዥኑን ሊመታ ተነሳ፤ ደግነቱ በብረት ሳጥን ውስጥ ነው። ሌላው «ሃምሳ ሳንቲሜን!» ይላል። ከማል ማይኩን ይዞ ተነሳ። «ጀመዓ፣ አትደንግጡ! ክፍል ሁለት ላይ ይወጣል። ደራሽ ውሃ አይበላውም። ካልወጣ ከኔ ራስ!» ብሎ አረጋጋን። ከዚያ በኋላ መርሳ ክፍል ሁለትን መጠበቅ ያዘች። በገበያ ቀን የገጠር ሰው በሬውን ከመሸጡ በፊት መጥቶ «ያ ሰውዬ ወጣ?» ብሎ ይጠይቃል። አልወጣም ሲባል በሀዘን ራሱን ነቅንቆ ወደ በሬው ይመለሳል።

ካሴቱ ሳይመጣ ከማል ሄደ። መሄድ በእኛ አገር ማብራሪያ አይፈልግም፤ ሄደ ከተባለ ሄደ ነው። በአፋር በረሃ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። ያኔም ይሄዱ ነበር፣ ዛሬም ይሄዳሉ፤ በመካከሉ ስንት ነገር ተለዋወጠ፣ ስንት ሰው ገዛን፣ ስንት መከራ በዚህ መንገድ ወጣና ወረደ፤ መንገደኛው ግን አልተለወጠም። አንድ አብሮት የተማረ ኑሩ የሚባል ጓደኛ ነበረው፤ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ አብረው ሄዱ። ከደላላ ጋር ነው የሄዱት። ከማል ስንት ከሰዓት ሙሉ ስለ ደላላ ክፋት በማይክ ሰብኮናል፤ ስብከት ለሰባኪው እንደማይሠራ ከሱ በፊትም በኋላም ብዙ አይቻለሁ። እናቱን ደህና ሁኚ ብሎ፣ ጉንጫቸውን ስሞ ነው የሄደው። እትዬ መዲና ከበሩ አጠገብ መሸጣቸውን ቀጠሉ። ያለ ከማል ቪዲዮ ቤቱ ጭር አለ፤ ፊልም በገዛ ቋንቋው ሲናገር ማን ይሰማል።

ከብዙ ወራት በኋላ ኑሩ ብቻውን ተመለሰ። ከሱብሒ ሶላት በፊት ገብቶ በቀጥታ የሄደው ሐጂ ይማም ዘንድ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣለች። ከማል የለም። ሐጂ ሽማግሌዎች ሰበሰቡና ተመካከሩ። የእትዬ መዲና ብቸኛ ወንድም አፋር ውስጥ ይነግዳል፤ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ያለ ወንድሟ መርዶ አይነገራትም ተባለ። እሱ ሲመጣ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በወጉ ይነገራታል። እስከዚያ ኑሩ «በረሃ ላይ ተለያየን፤ እሱ ተሻግሯል፤ ስልክ የሌለበት እርሻ ገብቶ ነው» እንዲል ታዘዘ። እንደታዘዘውም አለ። እትዬ መዲና ሁለት እጁን ይዘው «አፈር አይንካህ፣ ደስ አሰኘኸኝ» ብለው የያዙትን ብርቱካን ሁሉ ሰጡት። ኑሩ ብርቱካኑን ይዞ ወደ ቤት ሲሄድ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ፤ የማን ነው ስለው «አላውቅም» አለኝ።

ስለ መርዶ ወግ የሚያሞግስ ሰው አይጠፋም። ዛሬማ ይበልጥ ይወደሳል፤ ምክንያቱም ዛሬ ሞት የሚነገረው በስልክ ነው፤ አንዱ ያላወቀው ልጅ የሟቹን ፎቶ ከሻማ ጋር ይለጥፋል፣ እናት ከጎረቤት ልጅ ስልክ ላይ ታየዋለች። ይህ አረመኔነት ነው፣ እስማማለሁ። ግን የድሮውም ርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ለቀናት፣ ለሳምንታት አንድ ከተማ ሙሉ አንዲትን ሴት ፊት ለፊት እያየ ይዋሻል። እኛ ምስጢርን ከአንድ ሰው ብቻ መደበቅ የምንችል ሕዝብ ነን። ሽንኩርት ሻጯ ታውቃለች፣ ጋሪ ነጂው ያውቃል፣ ከሲሪንቃ የሚመጣው ወፍ አባራሪ ያውቃል። አፋችንን ግን ዘጋን፤ በመዝጋታችንም የምንኮራ ነበር የሚመስለኝ።

አፋችንን እንጂ እጃችንን መዝጋት አልቻልንም። ሰው ብርቱካን መግዛት አበዛ። እትዬ መዲና ሳጥናቸውን ገልብጠው ሳይጨርሱ ይሸጥላቸዋል። የሚከራከራቸው ጠፋ። ዋጋውን ይጠራሉ፤ ሰው ይከፍላል፤ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። አንድ ቀን እኔም ገዛሁ። ሆን ብለው በእጥፍ ጠሩብኝ። ከፈልኩ። ፊቴን ትኩር ብለው አዩኝና «ምነው አንተ እንኳ? አፍህ የት ሄደ?» አሉኝ። «ዛሬ ቸኩያለሁ እትዬ» አልኩ። ብሬን በእጃቸው እንደያዙ ወደ ኪሳቸው ሳይከቱት ቆሙ።

በዚህ መካከል ክፍል ሁለት መጣ። እንድሪስ ከደሴ በኢሱዙ ጋቢና፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ አመጣው። ሐጂ ይማም ሰምተው ጠሩት፤ እኔም ነበርኩ።

«አቆየው» አሉት። «መዲና በር ላይ ተቀምጣ እንዴት ይሆናል?»

«ሐጂ፣ ሰው ስንት ጊዜ ጠበቀ! ደግሞስ የካርቱን መርዶም ዘመድ እስኪሰበሰብ ይቆያል እንዴ?»

«ማን ሊተረጉመው ነው?»

«ኑሩ። የከማልን አነጋገር የሚያውቅ ሌላ የለም።»

ኑሩ እንቢ አለ። እንድሪስ ለመነው፣ ተቆጣው፣ የጄኔሬተሩን ሥራ እንደሚከለክለው ነገረው። በመጨረሻ በገበያ ቀን፣ ከሰዓት ላይ፣ ከማል ይቀመጥበት ከነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠ። ማይኩ ላይ የተጠቀለለው መሐረብ የከማል ነበር።

ቤቱ እንደዚያ ሞልቶ አላየሁም። ከግራና የመጡ ገበሬዎች አሉ፤ «ያ ሰውዬ ወጣ?» ባዮቹ በሙሉ። ፊልሙ ሊጀመር ሲል በሩ ተከፈተና እትዬ መዲና ገቡ። ብርቱካኑን ውጭ ትተውታል። አንድ ብር ለእንድሪስ ዘረጉ።

«ኧረ መዲና፣ ካንቺ አልቀበልም።»

«ሰው የከፈለውን እከፍላለሁ። ልጄ ይወጣል ብሎ ነው የሄደው፤ መውጣቱን ለማየት መጣሁ።»

 ከፊተኛው ግንድ ላይ የተቀመጡት ወንዶች በአንድ ጊዜ ተነሱላቸው። መካከሉ ላይ ብቻቸውን ተቀመጡ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ።

ፊልሙ የጀመረው ክፍል አንድ ካቆመበት ነው። ሰማያዊ ውሃ። ደራሽ እግሩ ላይ ሰንሰለት ይዞ ወደ ታች ይወርዳል። ከአፉ አረፋ ይወጣል። ኑሩ «ደራሽ... ውሃው ውስጥ...» አለና ቆመ። ካርቱኑ ራሱ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገ፤ የሚጠብቅ ነበር የሚመስለው። እንዲህ ሲሆን ነበር «ጀመዓ፣ ጥሩት እንጂ!» የሚባለው። ኑሩ አላለም። እኛም አልጠራንም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያን ያህል ጊዜ ለመጮህ የጠበቀ፣ ከኪሱ ከፍሎ የገባ፣ ዝም አለ። ጄኔሬተሩ ብቻ ከጓሮ ይጮሃል። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከፊቴ ያለውን የእትዬ መዲናን የሻሽ ቋጠሮ አየሁና ዘጋሁት።

እትዬ መዲና ዞሩ። የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ግማሽ ፊታቸው ላይ ነበር።

«ምነው? ጥሩት እንጂ!» አሉ። «ሌላ ጊዜ ውጭ ተቀምጬ ጆሮዬ እስኪደነቁር ትጮሁ የለም? ዛሬ ምን ዘጋችሁ?»



«ደራሽ!» ብለው እሳቸው ጠሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ዙሪያውን አዩ፤ የሚከተላቸው ጠበቁ። ከዚያ «ከማል!» አሉ። ያኔ ከግራና የመጡት ሽማግሌ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እትዬ መዲና አዩዋቸው።

«አይ» አሉ። «አይ። ብርቱካኔን ሳትከራከሩ ስትገዙኝ ጠርጥሬያለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው መርሳ የምታዝንልኝ?»

እንድሪስ «መዲና፣ አብሽሪ፣ ወንድምሽ...» ብሎ ጀመረ።

«ወንድሜን ነው የምትጠብቁት? ወንድሜ ቢመጣ ልጄን ከውሃ ያወጣልኛል?» ወደ ኑሩ ዞሩ። ኑሩ ማይኩን ሊያስቀምጥ ነበር። «ያዘው። በሱ ነው ሲያናግረኝ የኖረው። በሱ ንገረኝ።»

ኑሩ እንድሪስን አየ። እንድሪስ መሬት መሬት ያያል።

«እትዬ፣ ታንኳዋ ሞልታ ነበር» አለ። ድምፁ ከሞንታርቦው ሲወጣ የከማልን ይመስላል፤ የዚያ ዕቃ ድምፅ ሁሉንም ሰው ያመሳስላል። «ማዶ መብራት ይታየን ነበር። ደርሰናል ብለን ነበር። ሰዉ ወደ አንድ ጎን ሲል ተገለበጠች። እኔ ጀሪካን ያዝሁ። እሱን መጀመሪያ እሰማው ነበር። ‹ጀመዓ፣ አትደንግጡ› ይል ነበር፤ እዚህ እንደሚለው። ከዚያ አልሰማሁትም።»

«አልጠራኸውም?»

«ጠራሁት እትዬ። ወላሂ ጠራሁት። እስኪነጋ ጠራሁት።»

ቴሌቪዥኑን የዘጋ ሰው አልነበረም። ኑሩ ይህን ሲናገር ደራሽ ማንም ሳይጠራው ሰንሰለቱን በጥሶ፣ ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ። ፀሐይ ነበረች፣ ሙዚቃ ነበረ፣ ልብሱ ደርቆ ነበር። አንድም ሰው አላጨበጨበም። እትዬ መዲና አተኩረው አዩት።

«ይሄ የወጣው የማን ልጅ ነው?»

«የማንም አይደለም እትዬ» አለ ኑሩ። «ስዕል ነው።»

የጣሪያውን ሞንታርቦ ማንም አስታውሶ አልዘጋውም። ስንወጣ ገበያው ቀጥ ብሏል። ሚዛን የያዘው ሚዛኑን እንደያዘ፣ ፍየል የሚጎትተው ገመዱን እንደጨበጠ፣ ሁሉም ወደ ጣሪያው ያያል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡና እትዬ መዲናን ከመካከላችን ወሰዷቸው። ሐጂ ይማም ከዘራቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ማየት ያሳዝናል። «ማነው ያለ ጊዜው የተናገረ?» አሉ። ማን እንበላቸው? ሁላችንም ዝም ከማለት በቀር ምንም አላደረግንም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም ሰው ሲሰማው ወይ ይስቃል ወይ ወጋችንን ያደንቃል፤ ሁለቱንም አልፈልግም። የእትዬ መዲና ወንድም ከአፋር ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። በቪዲዮ ቤት የተነገረ መርዶ መርዶ አይደለም ተባለ፤ ዘመድ አልነበረም፣ ትልቅ ሰው አልተናገረም፣ ፋቲሓ አልተቀራበትም፣ ካርቱን ደግሞ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በወጉ ይነገራት ተባለ። ከሱብሒ በኋላ፣ ገና ወገግ ሲል፣ እሳቸውም ሠፈሩም የሚያውቀውን ነገር ልንነግራቸው አርባ ያህል ሰው ሆነን ሄድን። እኔ በውስጤ ይህን ሞኝነት ስረግም ነበር። እትዬ መዲና ሳጥናቸውን ከዘጉ ሰንብተዋል፤ ዓይናቸው አብጦ ጠፍቷል፤ የሚያለቅሱት ሁሉ አልቋል። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ምንጣፍ አነጠፉ። ወንድማቸው አጠገባቸው ተቀመጠ። ሐጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መዲና፣ የመጣነው...» ብለው መቀጠል አቃታቸው።

ሰምቻለሁ፣ ተዉኝ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ቀና ብለው ተቀመጡ፣ ሐጂ ይማምን ዓይን ዓይናቸውን አዩ።

«ንገሩኝ እስቲ ሐጂ» አሉ። «እነዚያ ልጆች ናቸው፤ ተሳስተውም ይሆናል። በእናንተ አፍ ሌላ ይሆን ይሆናል።»

ሐጂ ይማም ነገሯቸው። ሌላ አልነበረም።